ገንዘቡ የእኛ፣ ሒሳቡም የእኛ



በአገር ቤት "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ሲባል እየሰማን አድገናል። ወላጆቻችን ይህን ይሉ የነበረው ፈሪዎች ሆነው አይደለም፤ ሹምን የጠየቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት በዓይናቸው ስላዩ ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውንም እንዲሁ ሰምተናል። ሁለቱን አባባሎች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል። ሹሙ የሚበላው የሚጠይቀው ስለሌለ ነው፤ ጠያቂ የሚጠፋውም ሹሙ ስለሚያስፈራ ነው።

ይህ ልማድ ከእኛ ጋር አብሮ ተሳፍሮ መጥቷል። በየቢሮው ወረቀት ሲሰጠን ዝም ብለን እንፈርማለን። ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ ሰውን የምናስቀይም ይመስለናል። "ኮፒውን ስጡኝ" ማለትማ "አላመንኳችሁም" ከማለት የሚቆጠር ሆኖ ይሰማናል። ስለዚህ ዛሬ ሙስናን ስለመከላከልና ስለ መልካም አስተዳደር በትልልቅ ቃላት ከመናገር ይልቅ አንድ እውነተኛ ታሪክ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ታሪኩ የተፈጸመው በሕንድ አገር ነው። ባለታሪኮቹም ከእርሻና ከቀን ሥራ በቀር ሌላ መተዳደሪያ ያልነበራቸው፣ ብዙዎቹም ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር ሰዎች ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድርቅ፣ የቀን ሥራና የተደበቀው መዝገብ

ራጃስታን በሰሜን ምዕራብ ሕንድ የምትገኝ ክፍለ ሀገር ናት። አብዛኛው ምድሯ ደረቅ፣ ከፊሉም በረሃ ነው። ዝናብ የሚቀርበት ዓመት ብዙ ነው። ድርቅ በሚሆንበት ጊዜ መንግሥት ለችግረኛው ገበሬ የቀን ሥራ ይከፍታል። መንገድ ይጠረጋል፣ ኩሬ ይቆፈራል፣ የውሃ መያዣ ግድብ ይሠራል። ከመካከላችሁ በአገር ቤት በምግብ ለሥራ ወይም በሴፍቲኔት የሠራችሁ ካላችሁ አሠራሩን አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። ስም ይመዘገባል፣ የተሠራው ሥራ ይለካል፣ በመጨረሻም ፔሮል ላይ ይፈረማል። መፈረም የማይችል አሻራውን ያደርጋል።

የሕንድ ሕግ ለቀን ሠራተኛ ሊከፈለው የሚገባውን ዝቅተኛ ደመወዝ ወስኗል። ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ ዓመታት በራጃስታን ገጠር ቀኑን ሙሉ ሲቆፍሩና አፈር ሲሸከሙ የሚውሉት ሠራተኞች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች፣ በሕግ የተወሰነው ገንዘብ በእጃቸው አይገባም ነበር። ለምን ብለው ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ "በመዝገቡ መሠረት የሠራችሁት ሥራ ሲለካ አንሷል" የሚል ነበር። "እንግዲያውስ መዝገቡን አሳዩን" ሲሉ ደግሞ "መዝገቡ የመንግሥት ምስጢር ነው" ይባላሉ።

ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። እንግሊዞች ሕንድን በቅኝ ግዛት ይገዙ በነበረበት ጊዜ በ1923 የመንግሥት ምስጢር ሕግ አውጥተው ነበር። ሕንድ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላም ሕጉ አልተሻረም። ሹማምንቱ በዚያ መንፈስ ስለተቀረጹ የአንዲት መንደር የኩሬ ቁፋሮ ፔሮል እንኳ እንደ ጦር ሠራዊት ምስጢር ተቆልፎበት ይኖር ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሠራተኛዋ ሠርታለች፣ ስሟም በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል፣ አሻራዋም አለበት። ነገር ግን መዝገቡ ስለ እርሷ ምን እንደሚል ማወቅ አትችልም።

ከጭቃ ቤት የተነሣው ማኅበር

በ1987 ሦስት ሰዎች ዴቭዱንግሪ ወደምትባል ትንሽ መንደር መጥተው በአንዲት የጭቃ ቤት መኖር ጀመሩ። አንደኛዋ አሩና ሮይ ይባላሉ። እኚህ ሴት በ1968 ወደ ሕንድ ከፍተኛ የመንግሥት አስተዳደር አገልግሎት ገብተው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሹመቱን በገዛ ፈቃዳቸው የተዉ ናቸው። ሁለተኛው ኒኪል ዴይ የሚባል የተማረ ወጣት ነበር። ሦስተኛው ሻንካር ሲንግ የአካባቢው ተወላጅ ሲሆን በአሻንጉሊት ትያትርና በቀልድ ሰውን እያሳቀ የማስተማር ችሎታ ነበረው። እነዚህ ሰዎች ለገበሬው መመሪያ ሊሰጡ አልመጡም። እንደ ገበሬው እየኖሩ ችግሩን ከራሱ አፍ ሰሙ።

ሜይ 1 ቀን 1990 ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆነው አንድ ማኅበር መሠረቱ። ስሙ ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን ሲሆን በእኛ ቋንቋ የሠራተኞችና የገበሬዎች ኃይል ማኅበር እንደማለት ነው። ማኅበሩ ከትልልቅ ድርጅቶችና ከውጭ አገር ገንዘብ ላለመቀበል ወሰነ። ሙሉ ጊዜያቸውን ለማኅበሩ የሚሰጡትም ሰዎች የሚወስዱት ለቀን ሠራተኛ በሕግ የተወሰነውን ዝቅተኛ ደመወዝ ያህል ብቻ ነበር። ይህ ጉዳይ ትንሽ መስሎ እንዳይታያችሁ። ሌላውን "ሒሳብ አቅርብ" የሚል ሰው በመጀመሪያ የራሱ እጅ ንጹሕ መሆን አለበት።

መዝገቡ በሸንጎ ሲነበብ

ማኅበሩ ለዓመታት አቤት ቢልም፣ ቢሰለፍም፣ በጾም ቢያድምም ያገኘው ውጤት ጥቂት ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1994 ነው። በአንዳንድ ቅን ሹማምንት ትብብር የአንዳንድ መንደሮች መዝገብ ቅጂ በማኅበሩ እጅ ገባ። የማኅበሩ አባላት ቅጂውን ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ "ስምህ እዚህ ላይ አለ፤ በእርግጥ ሠርተሃል? ስንት ተቀበልክ?" እያሉ አጣሩ። ከዚያም ዲሴምበር 2 ቀን 1994 ኮት ኪራና በምትባል መንደር ሕዝቡን ሰበሰቡ። ስብሰባውን በቋንቋቸው ጃን ሱንዋይ ይሉታል። እኛ ሕዝባዊ ሸንጎ ልንለው እንችላለን።

የሸንጎው አሠራር እንዲህ ነበር። በመንደሩ መካከል ዳስ ይጣላል፤ ድምፅ ማጉያ ይቀመጣል። የመንደሩ ሹማምንት መጥተው መልስ እንዲሰጡ ይጋበዛሉ። ነገሩን የሚታዘቡ ከሌላ ቦታ የመጡ የተከበሩ ሰዎችም ይቀመጣሉ። ከዚያ መዝገቡ በየስሙ፣ በየቀኑና በየገንዘቡ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ በጆሮው ይሰማል። ስሙ የተጠራ ሰው ተነሥቶ እውነቱን ይናገራል።

በዚህና ቀጥለው በሌሎች መንደሮች በተደረጉት ሸንጎዎች የተሰማው ነገር ሕዝቡን አንዳንዴ አሳቀው፣ አንዳንዴም አስለቀሰው። የሞቱ ሰዎች ሠርተው ደመወዝ እንደተቀበሉ ተጽፏል። መንደሩን ለቅቀው ወደ ከተማ ከሄዱ ዓመታት ያለፋቸው ሰዎች ስምም ተገኘ። በመዝገቡ ሙሉ ደመወዝ እንደወሰደች የተጻፈላት ሴት ከፊሉን ብቻ እንደተቀበለች መሰከረች። ተሠርቶ አለቀ ተብሎ ሒሳቡ የተዘጋ ቤት ሳይጠናቀቅ እዚያው ከሕዝቡ ፊት ቆሞ ይታያል።

መመስከር ቀላል አልነበረም። የሚመሰከርበት ሰው ከሩቅ የመጣ ገዢ ሳይሆን ጎረቤት ነው፤ በሠርግም በለቅሶም አብሮ የሚቀመጥ ነው። ነገር ግን አንዷ ስትናገር ሌላዋ ትደፍራለች። አሥር ሰዎች ከተናገሩ በኋላ ዝም ማለት የሚያሳፍር ሆነ። በአካባቢው ያሉ የመንደር ምክር ቤት ጸሐፊዎች በበኩላቸው "የሚመረምረን መንግሥት እንጂ ተራ ሕዝብ አይደለም" ብለው ተቃወሙ። በዚህ አነጋገራቸው የክርክሩን ሥር ራሳቸው አወጡት። ጥያቄው ገንዘቡ የማን ነው የሚል ነበር። ሕዝቡም በአጭር ቃል መለሰ፤ "ገንዘቡ የእኛ፣ ሒሳቡም የእኛ።"

በቢያዋር ከተማ 40 ቀን

በኤፕሪል 1995 የራጃስታን ዋና ሚኒስትር ሕዝቡ የመንደር ምክር ቤቶችን መዝገብ ቅጂ ከፍሎ መውሰድ እንደሚችል በምክር ቤት ተናገሩ። ነገር ግን ዓመት ቢጠበቅ ቃሉን ሥራ ላይ የሚያውል ትእዛዝ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ገበሬዎቹ ስንቃቸውን ይዘው ወደ ቢያዋር ከተማ ወረዱና ኤፕሪል 6 ቀን 1996 በአደባባይ ተቀመጡ። መንግሥትም ቶሎ ብሎ መዝገቡን ማየት ይቻላል፣ ኮፒ ማንሣት ግን አይቻልም የሚል ትእዛዝ አወጣ። ገበሬዎቹ አልተቀበሉትም። አይተውት የሚመለሱት ወረቀት በማግሥቱ ሊለወጥ እንደሚችል፣ ያለ ኮፒም ማስረጃ እንደማይኖራቸው ያውቁ ነበር።

የከተማው ሰው በመጀመሪያ ተገረመ። ድሃ ሕዝብ እህል፣ መሬት ወይም ሥራ ሲጠይቅ እንጂ ወረቀት ሲጠይቅ አላየም። ቀኖች ሲያልፉ ግን ነገሩ ገባው። የተሰረቀው ሥራና እህል ያለው በወረቀቱ ውስጥ ነው። ነጋዴውም በየቢሮው ጉቦ የሚጠየቅ ስለነበር የገበሬው ጥያቄ የእርሱም ጥያቄ ሆነ። ቀስ በቀስ አትክልት ሻጮች አትክልት፣ ሌሎችም ገንዘብና ውሃ ያመጡላቸው ጀመር። የሠራተኛ ማኅበራትም አብረው ቆሙ። በዚያ በኤፕሪልና በሜይ ወር ሙቀት 40 ቀን ተቀመጡ። በመጨረሻ መንግሥት ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ እንደሚያቋቁም ቃል ገባ።

ከዚህ ትግል ውስጥ እስከ ዛሬ የሚነገረው ንግግር የአንዲት የገጠር ሴት ነው። ይህች ሴት የማኅበሩ አባል ስትሆን የተማረችው እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ ነበር። በዋና ከተማው በኒው ዴልሂ ጋዜጠኞች ይህ መብት ምን እንደሚያደርግላት ሲጠይቋት፣ ልጇን 10 ሩፒ ሰጥታ ወደ ገበያ ስትልከው ሲመለስ ሒሳቡን እንደምትጠይቀው ነገረቻቸው። መንግሥት በእርሷ ስም ብዙ ገንዘብ እያወጣ እርሷ ሒሳቡን የማትጠይቅበት ምክንያት ምን እንደሆነም መልሳ ጠየቀቻቸው። ከዚህ የተሻለ የመልካም አስተዳደር ትምህርት ከየትም አታገኙም።

ድር ሲያብር

እስከዚህ ድረስ ትግሉ የአንድ አካባቢ ገበሬዎች ነበር። የመንደር ሒሳብ የሚያስከፍት አገር አቀፍ ሕግ ለማስወጣት ግን የመንደር ኃይል ብቻ አይበቃም። ስለዚህ በ1996 ጋዜጠኞች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኞችና ልዩ ልዩ ማኅበራት ከገበሬዎቹ ጋር ሆነው ለሕዝቡ መረጃ የማግኘት መብት የሚታገል አገር አቀፍ ኅብረት አቋቋሙ። ሥራውም ተከፋፈለ። የሕግ አዋቂው ረቂቁን ይጽፋል፤ ጋዜጠኛው ለአገር ያሰማል፤ የቀድሞው ሹም የቢሮውን ምስጢር በር ያሳያል፤ ገበሬው ደግሞ በአደባባይ ይቀመጣል፣ በሸንጎም ይመሰክራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

በ1997 እንደገና በክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በጃይፑር አደባባይ ተቀመጡ። በ53ኛው ቀን የተሰማው ነገር ሳይፈጠር የተወራ ቀልድ ይመስላል። የክፍለ ሀገሩ ምክትል ዋና ሚኒስትር ኮፒ መውሰድን የሚፈቅደው ደንብ ከወራት በፊት ወጥቶ እንደነበር ተናገሩ። መረጃ የማግኘትን መብት የሚሰጠው ደንብ ራሱ ከሕዝቡ ተሰውሮ ኖሯል ማለት ነው! ደንቡ ከታወቀ በኋላ በ1998 በተደረጉ ሸንጎዎች አንዳንድ የመንደር ሹማምንት የወሰዱትን ገንዘብ በሕዝብ ፊት መለሱ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ደረጃ በደረጃ መጣ። ታሚል ናዱና ጎዋ የተባሉት ክፍለ ሀገሮች በ1997፣ ራጃስታን በ2000 የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። የአገሪቱ ፓርላማ በ2002 ያወጣው ሕግ ደካማ ከመሆኑም በላይ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ኅብረቱ ግን አልተበተነም። በመጨረሻ በ2005 ጠንካራው ሕግ ጸደቀና ኦክቶበር 12 ቀን 2005 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ ማንኛውም ዜጋ 10 ሩፒ ከፍሎ የመንግሥትን መዝገብ መጠየቅ ቻለ። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ፣ የሰው ሕይወት ወይም ነጻነት የሚመለከት ሲሆን ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት ተባለ። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ ሹም ከገዛ ደመወዙ በቀን 250 ሩፒ፣ እስከ 25,000 ሩፒ ድረስ እንዲቀጣ ተደነገገ። መዝገቡ ለገበሬዋ ምስጢር ነው ከተባለበት ጊዜ አንሥቶ ሲቆጠር ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ትግል መሆኑ ነው።

ነገሩን አሳምሬ ብቻ እንዳልነግራችሁ ይህንንም ልጨምር። ሕጉ ሌብነትን አላጠፋም። መረጃ በመጠየቃቸው የተደበደቡና የተገደሉ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ የተጠቁት ብቻቸውን ሲጠይቁ ነው። በ2019 ደግሞ ሕጉን የሚያስፈጽሙት ኮሚሽነሮች ነጻነት የሚቀንስ ማሻሻያ ተደረገ። የተገኘ መብት ካልተጠበቀ ተመልሶ ይሸረሸራል።

እኛስ?

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በእስራኤል መረጃ የማግኘት ነጻነት ሕግ የወጣው ልዩ ልዩ ማኅበራት ተባብረው ግፊት ካደረጉ በኋላ በ1998 ነው። በዕብራይስጥ ሖክ ሖፌሽ ሀሜይዳ ይባላል። ዜጋም ሆነ ነዋሪ የሆነ ሰው ሁሉ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከከተማው ዒሪያ መረጃ መጠየቅ ይችላል። ለምን እንደፈለገው ምክንያት እንዲሰጥ አይገደድም። የአገር ደኅንነትንና የሌላውን ሰው የግል ኑሮ የመሳሰሉ ነገሮች ግን አይሰጡም። ከዚህም ሌላ የመንግሥትን ሥራና ሒሳብ የሚመረምረው ሜቫኬር ሀመዲና ከ1949 ጀምሮ አለ። ከ1971 ወዲህም የሕዝብን አቤቱታ የሚቀበል ክፍል አለው። አቤቱታው ገንዘብ አያስከፍልም።

ዓሙታ የሚባሉት ማኅበራትም፣ የእኛን ጨምሮ፣ ከ1980 ጀምሮ በሕግ ይተዳደራሉ። ጠቅላላ ጉባኤ መጥራትና ለአባላቱ ሒሳብ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። በመንግሥት መዝጋቢ ዘንድ የሚገኘውንም የማኅበሩን ፋይል ማንኛውም ሰው ማየት ይችላል።

ሕጉ ቢኖርም መጠየቅን ካልለመድነው ምንም አይጠቅመንም። ልምዱም የሚጀምረው ከቅርብ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ መርካዝ ክሊታ የነዋሪዎች ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ለስግድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስዱንን አውቶቡሶች ለመከራየት ከየቤተሰቡ ገንዘብ ሰበሰብኩ። ከበዓሉ በኋላ በተደረገው ስብሰባ አንድ ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ተነሡና "ልጄ፣ የአውቶቡሱን ሒሳብ እስኪ አንብብልን" አሉኝ። ደሜ ፈላ። መምህርነት የተማርኩ ሰው በሕዝብ ፊት እንደ ሌባ የተቆጠርኩ መሰለኝ። እምቢ ማለት ስላልቻልኩ ወረቀቱን አውጥቼ የከፈሉትን በየስማቸው አነበብኩ። የአንዲት እናት ስም ሲጠራ "እኔም ከፍያለሁ፣ ልጄም ሳያውቅ ደግሞ ከፍሏል" አሉ። በወረቀቱ ላይ ያለው የአንድ ጊዜ ክፍያ ብቻ ነው። ሣጥኑ ሲቆጠር ገንዘቡ በእርግጥ ተርፎ ተገኘ። ስህተቱ የእኔ ነበር። ለእናትየው መለስኩላቸው። አዛውንቱም ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው "አንተን ጠርጥሬ አይደለም ልጄ፤ ያልተቆጠረ ገንዘብ ደህናውንም ሰው ያሳስታል" አሉኝ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኚያ አባት ስለ ራጃስታን ሰምተው አያውቁም፤ ያደረጉት ግን ያንኑ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሳይነበብላችሁና ሳይተረጎምላችሁ አትፈርሙ። ከፈረማችሁ ኮፒውን ጠይቃችሁ በቤታችሁ አስቀምጡ። ቢሮ ጥያቄያችሁን ካልተቀበለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ነገሩ የብዙ ሰው ከሆነ ለየብቻ አትመላለሱ፤ ሦስትም አራትም ቤተሰብ ሆናችሁ በአንድ ወረቀት ጠይቁ። ጥያቄያችሁ በትሕትና ይሁን፤ ነገር ግን ይጠየቅ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሞ ለእኛ አቅርቡ። በሚመጣው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የዓመቱ ገቢና ወጪ በአማርኛ ጮክ ተብሎ ይነበብ በሉን። እኛም ቅር ሳይለን እናነባለን። ቅር ካለን ደግሞ የዚያን ጊዜ አጥብቃችሁ ጠይቁን።

ሰላም ሁኑ።